የሾላው ዥዋዥዌና ሊቀ ነቀፋ አድማሴ

አዲስ ነገር ወደ አገር ሲገባ ከበሬዎቹ ቀድሞ የሚደነብር አንድ ሰው በየአጥቢያው አይጠፋም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል ካለ፣ ሰውየው ራሱ እሱ ነው። ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሜዳ ላይ ላለችው ትንሽ መንደር የደረሷት አያ አድማሴ ነበሩ። ማንም ሳይሾማቸው የድሮ ነገር ጠበቃ፣ የአዲስ ነገር ከሳሽ ሆነው ኖሩ፤ ወጣቶቹም ከኋላቸው «ሊቀ ነቀፋ» የሚል ማዕረግ ሰጧቸው።

ርብ ላይ ድልድይ ሲሠራ፣ «ወንዙ ተዋረደ፤ ከእንግዲህ ማን ይፈራዋል?» አሉ። ክብሪት ከወረታ ሱቅ ሲመጣ፣ «እሳት መጫጫር ቀረ፤ ጎረቤትም ቀረ» አሉ። በዚህኛው እንኳ ብዙም አልተሳሳቱም። ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ከበሮ ባስገባ ጊዜ ማኅሌቱን እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙና፣ መሪጌታ ንብረትን በር ላይ ጠብቀው፣ «ከበሮው ገና ጥጃ ነው» አሏቸው። መሪጌታው ሳምንት ሙሉ አኮረፉ። ነቀፋው ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ቃል ነበር፦ «እኔን አያገባኝም፤ ግን አይበጅም።»

በእርግጥ የሚያገባቸው አንድ ነገር ቢኖር የፋሲካው ዥዋዥዌ ነው። በትንሣኤ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ባለው ትልቅ ሾላ ላይ ዥዋዥዌ ይሰቀላል። ገመዱ ጠፍር ነው። በገና ከታረደው ከየቅርጫው በሬ ቆዳ አንድ አንድ ስንጥቅ ይዋጣል፤ አያ አድማሴ ጾሙን ሙሉ በኑግ ዘይት እያሹ ይገምዱታል። በጾም ቅቤ ለቆዳም አይቀባም ባይ ናቸው። ጠፍሩ አንድ ሰው ብቻ ይችላል፣ እሱንም እያቃሰተ። ፀሐይ ሲበረታበት ስለሚለጠጥ ቀትር ላይ የተቀመጠው ሰው እግሩ መሬት ይነካል፤ ያን ጊዜ አያ አድማሴ እንደ ሐኪም ተጠርተው ይመጡና አሳጥረው ያስሩታል። በዓመት ውስጥ ሰው ሁሉ የሚፈልጋቸው በዚያች ሳምንት ብቻ ነበር።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ይህን ማዕረጋቸውን የገፈፋቸው አበረ ነው። አበረ ወረታ በሰፈረው የመንገድ ሥራ ካምፕ ድንጋይ ሲሸከም ከርሞ፣ ካምፑ ሲነሣ ከአለቃው የተጣለ ረጅም ሰንሰለት በምርቃት አገኘ። ሰንሰለቱን አይቶ ያሰበው እኅቱን ደብረወርቅን ነው። ለሐሙሲት ሰዎች ታጭታ ሠርጓ ለግንቦት ተቆርጧል፤ በአባቷ አገር የምታከብረው የመጨረሻ ፋሲካ ነው። ማንም ያልደረሰበት ከፍታ ላይ ሊያወጣት ፈለገ። ሰንሰለቱን ከሾላው ቅርንጫፍ ላይ ጠመጠመ፣ ከታች ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ሳንቃ አሰረ። የአያ አድማሴ ጠፍር በዚያ ዓመት ከጓዳ አልወጣም።

የትንሣኤ ዕለት መንደሩ ሁሉ ሊፈርድ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላ ይይዛል አሉ። አሮጊቶቹ ሰማይ መንካት ድፍረት ነው አሉ። መሪጌታ ንብረት ድምፁ የእስረኛ እግር ያስመስላል ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ፀሐይ ሳይጠልቅ ግን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ የጠመጠሙት ሴቶች ተራ ይጠብቁ ነበር። መሪጌታውም «ለማየት ያህል» ብለው ሳንቃው ላይ ተቀመጡና፣ ጥምጥማቸው እስኪወልቅ ድረስ አልወረዱም።

አያ አድማሴ ብቻ አልተበገሩም። በርጩማቸውን ከሾላው ሥር አስቀምጠው ከጧት እስከ ማታ ይፈርዳሉ። «ጠፍር ሰው ያውቃል፤ ሲከብደው ይለጠጣል፣ ይነግርሃል» ይላሉ። «ሰንሰለት ማንን ያውቃል?» አበረን በየቀኑ አቃጠሉት። ጠፍራቸው ስለቀረ ቀንተዋል ብሎ ደመደመ፤ እውነቱን ለመናገር ቀንተውም ነበር።

ሐሙስ ዕለት አያ አድማሴ ከበርጩማቸው ተነሥተው ቅርንጫፉን ሽቅብ ሲያዩ ቆዩ። ሰንሰለቱ ልጡን በልቶ ገብቷል፤ ከቁስሉ ነጭ ወተት ይንጠባጠባል።

«አበረ፣ አውርደው» አሉ። «ዛፉን እየቆረጠው ነው። ወተቱን አታይም?»

አበረ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «አያ፣ ያኔ ከበሮው ጥጃ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሾላው ላም ሆነልዎ?» አለ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አበረ በዕድሜው እንዲህ ያለ ቀልድ ተናግሮ አያውቅም፤ ሰውም ቀኑን ሙሉ እየተቀባበለ ደገመው። አያ አድማሴ በርጩማቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በዳግማይ ትንሣኤ ደብረወርቅና አንዲት ጓደኛዋ ሳንቃው ላይ ሳሉ ቅርንጫፉ ተገነጠለ። ጓደኛዋ ሣር ላይ ወድቃ ተረፈች። ደብረወርቅን ግን ቅርንጫፉ ጭኗ ላይ ወደቀባት። ወጌሻ አሰራት፤ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስደው ሦስት ሱባዔ አከረሟት። አጥንቱ ገጠመ፣ እግሯ ግን አጥሮ ቀረ። በግንቦት ሽማግሌዎች ከሐሙሲት መጡ። በአክብሮት ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውን በሉ፣ ጠጡ፣ ከዚያም ልጃችን ገና ልጅ ነውና ነገሩ ይቆይ አሉ። ያው ልጅ በገና ጊዜ ለትዳር ደርሶ ነበር። ደብረወርቅ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች፤ አበረም መስማቷን አወቀ።

ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ጆሮውን ወደ አያ አድማሴ አቀና። ዕድሜውን ሙሉ «ብዬ ነበር» ሲል የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን በእውነት ብሎ ሲገኝ ምን ይላል? ምንም አላሉም። ክረምቱ ገባ፣ ጎርፉ ሜዳውን አለበሰው፣ እሳቸው ዝም። ቤተ ክርስቲያኑ ሣር ክዳኑን አፍርሶ ቆርቆሮ ለበሰ፣ የዝናቡ ጩኸት ቅዳሴውን ዋጠው፤ እሳቸው አሁንም ዝም። መንደሩ መጀመሪያ ዐረፈ። እየቆየ ግን ዝምታው ከበደው፤ መሪጌታ ንብረት ሳይቀሩ አዲሱን ከበሮ ሆን ብለው በሳቸው ጆሮ አጠገብ ቢያስመቱ አንድ ቃል አላገኙም።

ከሁሉ ይልቅ የከበደው አበረን ነው። የሚመልሰውን ሁሉ አሰናድቶ ነበር፤ የሚሰድበው ሰው ግን አጣ። መስቀል ሳይደርስ ሄደባቸው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሞፈር ማሰሪያ ጠፍር፣ ምራን፣ ያለሰልሳሉ።

«አያ፣ ይበሉኝ እንጂ» አለ።

«ምን ልበልህ?»

«ነግሬህ ነበር ይበሉኝ። ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው። እኔም እየጠበቅሁ ነው።»

አያ አድማሴ ምራኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ለድልድዩም ጮኽሁ፣ ለክብሪቱም ጮኽሁ፣ ለከበሮውም ጮኽሁ» አሉ። «ሾላው ሲቆረጥም በዚያው ድምፅ ጮኽሁ። ሌላ ድምፅ አላስቀረሁም። አንተ በምን ትለየው? ልጅቱን የጣልናት ሁለታችን ነን። ከእንግዲህ አልናገርም።»

 አበረ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይህን ሽማግሌ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠልቷቸው ነበር፤ አሁን ግን አገሩ እሳቸውን አጥቶ ማን ሽቅብ እንደሚያይለት ሲያስብ ፍርሃት ያዘው።

«ዝም አይበሉ፣ አያ» አለ ፊቱን እየጠረገ። «እርስዎ ይናገሩ። እኔ ሄጄ አያለሁ።»

 በጥቅምት ሽማግሌው ሰንበቴ ላይ ጽዋው በመዞር ላይ ሳለ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ የደጀ ሰላሙ ምሰሶ ከሥሩ ምስጥ ገብቶታል አሉ። ሰው ሁሉ ናፍቆት ኖሮ በደስታ ሳቀ። አበረ ጽዋውን አስቀምጦ ወጣ። ምሰሶውን ገፋው፣ ሥሩን በዘንግ ጫረው፣ ተንበርክኮ ዙሪያውን በእጁ ዳበሰው፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው።

ተመልሶ ከጎናቸው ተቀመጠ። «ደህና ነው፣ አያ።»

«ዛሬ ደህና ነው» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድም ሄዶ አየው።