ለሽሽት የሚሆን ጫማ

ከአስለቃሽ ጭስ የሚሸሽ ሰው ሩጫው ልምምድ ነው ወይስ ውድድር? እስካሁን መልሱን አላውቅም። የሱሉልታው ጎረቤቴ ጋሽ ደረጄ ግን ይህን ሳይለዩ እግራቸውን አያነሡም። ለልምምድ ወፍራም ጫማ አላቸው፤ ለውድድር ደግሞ በመዳፋቸው እየመዘኑ የመረጧት ላባ የመሰለች። ሲወዳደሩ ያያቸው ሰው ግን አለ?

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ አንድ ቀን አስፋልቱ ላይ ጭስ ተለቀቀና ወጣቶቹ «ፊጋ! ሩጡ!» እያሉ መጡ። እኔ ሱቅ ውስጥ ገባሁ። ጋሽ ደረጄ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ይፈታሉ።

«ኧረ ይግቡ፣ ጋሼ።»

«ቆይ እቴ፣ ይሄ እኮ የልምምድ ነው። በዚህ ይሸሻል?»

ቀላሏን ከቦርሳቸው አውጥተው ማሰሪያዋን ሲያጠብቁ ወታደሮቹ ደረሱ። አንዱ ዱላውን አንሥቶ አያቸው። በዚያ ሰዓት ተረጋግቶ ጫማ የሚያስርን ሰው ማን ይጠረጥራል? ትቷቸው የሚሮጡትን ተከተለ።

ከዚያ ወዲህ «ቅለቷ አተረፈችኝ» ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ አመናቸው። የሰፈራችን ሯጭ ጫልቱ ተረከዟን እያመማት የእሳቸውን ዓይነት ስስ ጫማ ልትገዛ የተነሣች ቀን ግን ነገርኳት።

«አንድ እርምጃ አልሮጡባትም።»

«ታዲያ በምን አተረፈቻቸው?»

«በማሰሪያዋ።»