ውሃውን ይዘውት የሄዱ ተከራዮች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት ተከራይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያውስ አከራዬን እትዬ አሰገደችን ታውቋቸዋላችሁ። የግቢው ቧንቧ ጭጭ ባለ ቁጥር በረንዳቸው ላይ ቆመው፣ «ይኼ ሁሉ መጤ እየጠጣው እንዴት ይድረሰን!» ይላሉ። መጤው ማን መሰላችሁ? ከአንኮበርና ከሰላ ድንጋይ ለፋብሪካ ሥራ መጥተን፣ እሳቸው እስከ ጓሮው ድረስ በደረደሯቸው ክፍሎች የታጨቅን ተከራዮች ነን። ክፍሎቹን እኛ አዝለን ያመጣናቸው ይመስል!

ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታትም ክልክል ነው። «ለጊዜው ለመጣ ሰው ሚስማር ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። በዚህ የተነሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ካፖርቴ ነው፤ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ነኝ።

ለፋሲካ ሁላችንም አገር ቤት ገባን። እትዬ ደስ ብሏቸው በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ የወጥ ድስቱን ሳይቀር ቧንቧው ሥር ደርድረው ጠበቁ። ግቢው ጭር አለ፤ ቧንቧውም ጭር እንዳለ ከረመ። ስንመለስ በባዶ ዕቃ ተከበው እንደ ዘበኛ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«እህሳ እትዬ፣ እኛ ስንሄድ ውሃው ተትረፈረፈ?» አልኳቸው።

አላፈሩም። «ይዛችሁት ሄዳችሁ ነዋ!» አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ የከተማ ውሃ ተሸክሞ አንኮበር የሚያደርስ ጉልበተኛ እንዴት ጊዜያዊ ይባላል? ከጎረቤት መዶሻ ተዋስኩ። እትዬ በረንዳቸው ላይ ሆነው እየሰሙኝ፣ ሚስማሬን እስከ አንገቱ መታሁና ካፖርቴን ሰቀልኩ። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።