ዐቃቤ መጻሕፍት በየነ የካላክላን መደርደሪያ ከማቀዝቀዣ ያዳኑበት ዜና

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ዐቃቤ መጻሕፍት በየነ በካርቱም ሠፈር በካላክላ ባለው የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በተሾሙ በስድስተኛው ዓመት፣ ወይዘሮ ለተብርሃንም በምግብ ቤታቸው በድስትና በጭልፋ ላይ በነገሡ በዐሥራ ሰባተኛው፣ በወርኀ ግንቦት፣ ሀቡብ የሚባለው ቀይ የአቧራ ማዕበል ተነሥቶ ካርቱምን በሸፈነ ሰሞን፣ ኮረንቲም እንደ ልማዱ ሄዶ በቀረበት ጊዜ የሆነውን ታላቅ ነገር፣ እኔ በማይዞረው ማራገቢያ ሥር የራሴ ወንበር ያለኝ ጸሐፊ፣ ዐይኔ ያላየውን ሳልጨምር፣ ጆሮዬ የሰማውን ሳልቀንስ እጽፋለሁ። የሚያምን ይመን፤ የማያምን ካላክላ ድረስ መጥቶ ጎረቤታችንን ሥጋ ሻጩን ኦመርን ይጠይቅ።

እኒህ በየነ፣ ሐያሴ መጻሕፍት፣ ፈታሔ ልብ ወለድ፣ የተቀደደ ገጽ ጠጋኝ፣ በሥራ ቀን የሰው ግድግዳ የሚቀቡ ቀለም ቀቢ ነበሩ። ዓርብ በደረሰ ጊዜ ግን፣ በሱዳን ሥራ የሚፈታበት ቀን ነውና፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጥፍራቸው ውስጥ የቀረውን ቀለም በቤንዚን አስለቅቀው፣ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ በወይዘሮ ለተብርሃን ምግብ ቤት ጥግ፣ ከብርቱካን ሣጥን በተሠራው መደርደሪያ አጠገብ በክብር ይቀመጡ ነበር። መጻሕፍቱም ከመንገደኞች የተገኙ ናቸው፤ ከአገር ይዘዋቸው መጥተው፣ ከካርቱም ወደ ፊት ሲነሡ ሸክም እንዳይበዛባቸው ትተዋቸው የሚሄዱ። ወደ ፊት የሚሄድ ሰው መጽሐፉን ለመደርደሪያው ትቶ መሄዱ የጸና ሥርዓት ሆነ፤ ከመደርደሪያውም አንዲት ቅጠል እንኳ ከካርቱም ወጥታ አታውቅም።

የበየነ ሥርዓት እንዲህ ነበረ። ማንም በገዛ እጁ መጽሐፍ አይመርጥም። በፊታቸው ይቆማል፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ ይናገራል፤ እሳቸውም ፊቱን ትክ ብለው አይተው ለእርሱ የሚሆነውን ያወጡና ለማን እንደሚበጅ፣ ለማን እንደማይበጅ በጉባኤው ፊት ያውጃሉ። ከሕጎቻቸውም ሁሉ የከበደችው መጨረሻውን አስቀድሞ ማየትን የምትከለክለው ነበረች። ስለሺ ባለ ሪክሻው አንድ ጊዜ የነፍሰ ገዳዩን ስም በመጨረሻው ገጽ ሲፈልግ ተይዞ ከመደርደሪያው ታግዶ ነበር፤ የእገዳውንም ሰሞን ሁሉ አኩርፎ ሾርባ ብቻ ይጠጣ ነበር።

በበየነ ጥላ ሥር ያደሩትም አንባብያን እነሆ። ይኸው ስለሺ፣ አንዱ ተሳፋሪ ወርዶ ሌላው እስኪሳፈር የሚያልቅ አጭር ምዕራፍ ያለው ልብ ወለድ የታዘዘለት። ራሔል፣ በሰው ቤት የምትሠራ፣ ፍቅር ኖሮበት ማንም የማይሞትበት ካልሆነ አልቀበልም ያለች፤ ስለ እርስዋም በየነ ሰው የሚሞትባቸውን ገጾች በመርፌ ቁልፍ አያይዘው የሚሰጧት። ኦመር፣ አማርኛ ስለማያነብ የሥዕል መጻሕፍት ብቻ የሚዋስ፣ የተሣሉትንም በሬዎች እያገላበጠ ይህ ይታረዳል፣ ይህ ገና ነው ብሎ የሚፈርድ። ጥጋቡም፣ መተማን አልፎ የመጣ ጎልማሳ፣ በፊቱ በረሃና ባሕር የሚጠብቀው፣ መንገድ የሌለበት መጽሐፍ ይፈለግልኝ ብሎ የለመነ፤ ለእርሱም ሰዎቹ ሁሉ ከአንድ ግቢ የማይወጡበት ወፍራም ልብ ወለድ ተገኘለት፣ እርሱም ጨርሶ እንደገና ጀመረው። ለእኔ ለጸሐፊው ግን የጦር ታሪክ ብለምን አንዲት መበለት ጎረቤቷን ስለምትታረቅበት መጽሐፍ ሰጡኝ። እንዴት ተናቅሁ ብዬ ተቀየምሁ፤ ባነበብሁት ጊዜ ግን አለቀስሁ፣ አለቀስሁ ብዬ ግን አልነገርኋቸውም።

ወእምዝ ፈተና መጣ። ወይዘሮ ለተብርሃን ልደት የምትባል የልጅ ልጅ ነበረቻቸው፣ ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች፣ እናቷ ሶባ ለሥራ ስትውል ከአያቷ ዘንድ የምትውል። የልጅቷ አፍ ዐረብኛ ነው፤ የአያቷ ዐረብኛ ደግሞ የገበያ ነው፣ ከሽንኩርትና ከዘይት አያልፍም። በጣም ይዋደዱ ነበር፤ ሆኖም «ብዪ» እና «ተኚ» ከተባለ በኋላ የሚባባሉት አልነበራቸውምና ዝም ተባብለው ይውሉ ነበር። ይህም ነገር ወይዘሮ ለተብርሃንን ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናቸው ነበር። በሐዘናቸውም ላይ የግንቦት ሙቀት ተጨምሮ፣ ጭልፋቸውን ከፍ አድርገው ይህን አዋጅ አወጁ፦

«ያላ፣ ስሙ! ይህ መደርደሪያ ይኸው ስንት ዘመን ጥጌን ይዞ ተቀምጧል። ለባለ ሪክሻው መጽሐፍ አገኘ፣ ለመንገደኛው አገኘ፣ ለኦመር እንኳ አገኘ፤ ለልጅ ልጄ ግን አላገኘም። ወላሂ ታላጃ አዝዣለሁ፣ በሚመጣው ዓርብ ይመጣል። ጋሽ በየነ ልጅቷን አንድ የአማርኛ ኪታብ ካስያዟት፣ እርስዋም ጨርሳ በገዛ እጇ ሁለተኛ ካነሣች፣ መደርደሪያው ይኖራል። ካልሆነ ኻላስ፤ መጻሕፍቱ ይወጣሉ፣ ታላጃው ይገባል፣ እናንተም ቀዝቃዛ ትጠጣላችሁ።»

ታላጃ ማለት በካርቱም ማቀዝቀዣ፣ ኪታብ መጽሐፍ፣ ኻላስም በቃ ማለት ነው። «ቀዝቃዛ» የሚለውንም ቃል ሰምተው በልባቸው ደስ ያላቸው ከሐድያን በመካከላችን ነበሩ፤ ስማቸውን አውቀዋለሁ፣ ስለ ክርስትናቸው ብዬ እዚህ አላሰፍረውም። በየነ ግን ፊታቸው እንደ ቀቡት ግድግዳ ነጣ። በዚያ ጥግ ጋሽ ተብለው፣ ተጠይቀው፣ ተሰምተው ይኖሩ ነበር፤ ከዚያ ጥግ ውጭ በዚህ ሰፊ ከተማ ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፣ የግድግዳው ባለቤትም «አንተ ቀለም ቀቢ» ነበር የሚላቸው።

በየነም በልደት ላይ ዘመቱ። በመጀመሪያ ታዛዥ ልጆችን የሚያመሰግን የፊደል መጽሐፍ ሰጧት፤ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ወረወረችው፣ ከስለሺም ሾርባ ገባ። ሁለተኛም ስለ ንጽሕና የሚመክር ሰጧት፤ ተቀብላ ተራገበችበት። ያን ጊዜ በየነ በመደርደሪያቸው ተስፋ ቆርጠው ወደ ጀሪፍ ሠፈር ሊዘምቱ ተነሡ፤ በዚያ ወይዘሮ ምንዳዬ የሚባሉ፣ ልጆቻቸው ያደጉባቸው ሴት፣ የሥዕል መጻሕፍት እንዳላቸው ወሬ ተሰምቶ ነበርና። ስለሺ በሪክሻው ፊት መሪ ሆኖ፣ ጥጋቡ ባዶ ከረጢት ተሸክሞ፣ እኔም ታሪክ እንዳይቀር ብዬ ከኋላ ተጣብቤ፣ አቧራ እየዋጥን ሄድን። ወይዘሮ ምንዳዬም ከአልጋቸው ሥር አንድ የሥዕል መጽሐፍ ብቻ አውጥተው ሰጡን፤ ሌሎቹን ምስጥ በልቷቸዋል። በየነም ሪክሻው ውስጥ አንብበውት ፊታቸውን ቋጠሩ።

ወበይእቲ ዕለት፣ ዓርብ በሆነ ጊዜ፣ ምግብ ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ማቀዝቀዣውም በካሮ፣ አህያ በሚስበው ጋሪ፣ ተጭኖ በጠባቧ መንገድ መጥቶ ከደጃፉ ቆመ፣ በርም ዘጋ፣ ነጭና ትዕቢተኛ ነበረ። በየነም ተነሥተው፣ መጽሐፉን ከፍ አድርገው አወጁ፦

«አንባብያን ሆይ፣ ስሙ። ይህ የሥዕል መጽሐፍ ነው። አንዲት አሮጊት ዕቃዋን ሁሉ በአህያ ጭና ከቤቷ ትወጣለች፤ ጭነቱን አላጠበቀችምና በየገጹ አንድ ነገር ይወድቅባታል፣ ምንጣፏ፣ ድስቷ፣ ዣንጥላዋ፣ ዶሮዋ፤ በመጨረሻ አህያዋን ይዛ ባዶዋን ከዛፍ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሠዓሊው እጁ የተባረከ ነው፤ ደራሲው ግን ልጅ አይወድም። ለዝርክርክ ሰው ይበጃል። ለመንገደኛ ፈጽሞ አይሰጥ። ለልደትም ባይሆን በወደድሁ፤ ነገር ግን ሌላ የለኝም።»

ከዚህ የከፋ ምስክርነት ለራሱ መጽሐፍ የሰጠ ሐያሲ አልተሰማም፤ ውሸት ግን ከአፋቸው አይወጣም ነበር። ልደትም መጽሐፉን ተቀብላ ከአያቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ወዲያውም፣ የትምህርት ቤቷ የዐረብኛ መጻሕፍት ከቀኝ ይገለጣሉና፣ ይህንንም እንደዚያው መስሏት ገልብጣ በመጨረሻው ገጽ ከፈተችው።

ጉባኤው ደነገጠ። የሕጎች ሁሉ ሕግ በደንጋጊዋ በበየነ ፊት ተሻረች! የበየነም እጅ ከጉልበታቸው ተነሥታ ወደ መጽሐፉ መዘርጋት ጀመረች፤ ስንት አንባቢ ያረመች፣ ስንት የታጠፈ ገጽ ያቀናች እጅ ናት። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ፣ ከንፈራቸውም ተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ ግን የልጅቷን ፊት አዩ፤ አሮጊቷን በጣቷ እየነካች ወደሚቀጥለው ልታልፍ ትቸኩል ነበር። በየነም ምላሳቸውን ነክሰው እጃቸውን መለሱ፣ ዳግመኛ እንዳትነሣም ተቀመጡባት። ነገሥታት ጦር መልሰዋል፤ ሊያርም የተነሣ እጁን የመለሰ ሐያሲ ግን ከበየነ በቀር አላየሁም።

ልደትም ገጹን ገለጠች፤ አሮጊቷ ከዛፉ ሥር ተነሥታ በመንገድ ላይ ዶሮ አገኘች። በቀጣዩም ገጽ ዣንጥላ ተጨመረ። አህያው ወደ ኋላ መሄዱ ልጅቷን አልገረማትም፤ በካላክላ ካሮ የሚስብ አህያ መዞሪያ ሲያጣ በየቀኑ ወደ ኋላ ሲሄድ ታያለችና። እየጮኸችም እንዲህ አወጀች፦

«ሐቡባ፣ ሹፊ! ዶሮ ጃት! ሐቡባ፣ ሸምሲያ ጃት! ድስት ጃ!»

ሐቡባ በካርቱም ልጆች አፍ አያት ናት፤ ሸምሲያም ዣንጥላ ናት፤ «እዪ፣ መጣች፣ መጣ» ማለቷ ነበር። ቃል ባጠራትም ቁጥር በጣቷ ትነካለች፤ ወይዘሮ ለተብርሃንም መጀመሪያ ከላይ ሆነው፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ከዚያም ጭልፋቸውን ጥለው መሬት ላይ ከአጠገቧ ተቀምጠው፣ ዣንጥላ፣ ምንጣፍ፣ ጭነት፣ እያሉ ቃሉን ያቀብሏታል፣ እርስዋም እየተቀበለች ትደግመዋለች። እንዲህ ሲነጋገሩ ያየ ሰው ከዚያ በፊት ዝም ይባባሉ እንደነበር አያምንም። ወደ ፊተኛውም ገጽ በደረሱ ጊዜ አሮጊቷ ሙሉ ጭነቷን ይዛ በገዛ ቤቷ ደጃፍ ቆማ ነበር። ልደትም ያላትን አማርኛ ሁሉ ሰብስባ አወጀች፦

«ሐቡባ! ሁሉም መጣ! ቤት ገባች!»

ወይዘሮ ለተብርሃን ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው ከአገር ሲወጡ አንድ ሣጥን ይዘው ነበር፤ በመንገድ ቀረ። ስለዚያ ሣጥን ተናግረው አያውቁም፣ እኛም የሰማነው ያን ዕለት ነው። እንባቸው እየወረደ ሳቁ፣ እየሳቁም ልጅቷን ሳሙ። ጥጋቡ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ልደት ግን የማንንም ልቅሶ ሳትጠብቅ ተነሥታ፣ ወደ መደርደሪያው ሄዳ፣ በገዛ እጇ የራሔልን በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ልብ ወለድ መዝዛ፣ አያቷ ጭን ላይ ወጥታ በመጨረሻው ገጽ ከፈተችው። ወይዘሮ ለተብርሃንም ከመሬት ሳይነሡ አወጁ፦

«ኻላስ! ሁለተኛ አነሣች፣ ሁላችሁም አይታችኋል። መደርደሪያው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ታላጃው ኦመር ሱቅ ይግባ፤ የእሱ ሥጋና የእኔ ውኃ አብረው ይቀዝቅዙ፣ ኮረንቲ ሲመጣ፣ ኢንሻላህ!»

መንገዷም ጠባብ ነበረችና፣ ትዕቢተኛው ማቀዝቀዣ በካሮው ላይ እንደ ተጫነ፣ አህያው ወደ ኋላ እየተገፋ እስከ ኦመር ደጃፍ ሄደ፤ ልደትም ይህን አይታ መጽሐፉ ዓይኗ እያየ የተፈጸመ መስሏት በደስታ ዘለለች። በየነም እጃቸውን ከተቀመጡባት አውጥተው፣ ደንዝዛ ነበርና አሻሽተው፣ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«መጨረሻውን ማየት የሚከለክለው ሕግ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል፤ ስለሺም ምሕረት ይደረግለት። የዚህም መጽሐፍ ፍርድ ይታረም። ከፊት ሲነበብ ለዝርክርክ ሰው ይበጃል። ከኋላ ሲነበብ ለሁላችን።»

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጥጋቡ ጉዞው ደረሰ። እንደ ሥርዓቱ ወፍራሙን ልብ ወለድ መለሰ። ልደት ተነሥታ የአሮጊቷን መጽሐፍ በእጁ አኖረችለት፣ ከየት በኩል እንደሚከፈትም በጣቷ አሳየችው። አንዲት ቅጠል የወሰደን ሰው እስከ ሶባ ተከትለው የሚያስመልሱት በየነ ያን ጊዜ ሌላ መጽሐፍ ሲጠግኑ ነበር፤ ሁሉን አይተዋል፣ ቀናም አላሉም።

ውዳሴ ይገባል ለበየነ፣ ዐቃቤ መጻሕፍት ዘካላክላ፣ ማቀዝቀዣን ያለ ጦር ለመለሱ፣ የገዛ ሕጋቸውን በገዛ አፋቸው ለሻሩ፣ በእጃቸው ላይ በመቀመጥ አያትንና የልጅ ልጅን ላነጋገሩ! ስማቸው በጀሪፍና በሶባ ይጠራ፤ ሙጫቸው አይድረቅ፤ ዓርባቸው አይጉደል። ስለዚያም መጽሐፍ የጠየቃቸው ሁሉ አንድ መልስ ያገኛል፦ አልጠፋም፣ ጥጋቡ እያነበበው ነው።