የፈረንጁ ዋስ

ሰው ምክር የሚጠይቃችሁ መቼ እንደሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወስኖ ከጨረሰ በኋላ ነው። የኔው ባለቤት ደምሌ በሬ ሊሸጥ ሲነሣ «የትኛው ይሸጥ ትያለሽ?» ይለኛል፤ በሬው ግን ገመድ ገብቶለት ከደጅ ቆሟል፤ ደምሌም ዱላውን ይዟል። እኔም «እንዳሻዎ» እላለሁ። ተመካከርን ማለት ነው እንግዲህ! እንዲህ እየተመካከርን ስንት ዓመት በፍቅር ኖረናል። ሹምም ቢሆን ከባል የሚለየው በቅሎ ላይ በመቀመጡ ብቻ ነው። ችግሩ የኛ አገር ሰው ነው፤ ለወጉ ብላችሁ ብትጠይቁት እንኳ ከልቡ ይመልስላችኋል።

ጥሊያን ቡሬ ላይ በሰፈረ ጊዜ ነው። እኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። መንደራችን ከቡሬ ወጣ ብላ ያለች፣ ሰባት ቤት ብቻ ያላት ናት፤ ምንጯም አንዲት ብቻ። ከዚያች ሌላ ውሃ ያለው ገደሉ ሥር ከወንዙ ነው፤ እሱን ወርዶ ለመውጣት ደግሞ የፍየል እግር ያስፈልጋል። እኔ ያኔ እንኳን ፍየል ልሆን፣ ሆዴ ከፊቴ እየቀደመ ዘጠኝ ወር ገብቶኛል።

አንድ ቀን የቡሬው ፈረንጅ ሹም ከነአስተርጓሚው መጣና ሕዝቡን ከሾላው ሥር ሰበሰበ። በቅሎዎቹን ከምንጫችን ሊያጠጣ ፈልጓል። «መንግሥት የሕዝቡን ሐሳብ ሳይሰማ አይወስንም» አለ። በቅሎዎቹ ከኋላው ተሰልፈው ቆመዋል። ቆመውም ውሃ ውሃ እያሉ ነው።

ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። እኛ ሴቶቹ፣ ውሃ ቀጂዎቹ፣ ከሾላው ፊት ካለው የድንጋይ ካብ ኋላ ቆመን እንሰማለን፤ ሴት ከጉባኤ አትገባማ! አንዱ ተነሥቶ የምንጩን ታሪክ ከቅድመ አያቱ ጀመረ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሊያርም ተነሣ። ሦስተኛው የተነሣው እስካሁን ስላልተነሣ ብቻ ነው። ፈረንጁ እረፋዱ ላይ ሰዓቱን አየ፤ እኩለ ቀን ላይ ቆቡን አወለቀ፤ ወደ ማታ ጫማውን። በማግስቱም እንደዚያው። በስተመጨረሻ ተስማሙ፦ ሴቶች አስቀድመው ይቅዱ፤ ፀሐይ ከሾላው ጫፍ በላይ ሳትወጣ አንድም በቅሎ ምንጩን አይርገጥ። እኔ ከካቡ ኋላ ሆዴን እየዳበስኩ «ተመስገን» አልኩ።

ፈረንጁ «ቃሌ ነው» ብሎ ሊሄድ ሲነሣ፣ የመንደራችን ጭቃ ሹም አያ ቢተው እጃቸውን አነሡ።

«ይቆዩ ጌታው። ዋስ ይጥሩ።»

እኛ ዘንድ ቃል ብቻውን አይቆምም። ቃል የሚገባ ሰው፣ ቃሉን ቢያፈርስ በሱ ፋንታ የሚያዝ ሰው ያቆማል። ፈረንጁ ይህ ሲተረጎምለት ሳቀ።

«ዋሴ የሮማው ንጉሥ ናቸው።»

አያ ቢተው ግራ ቀኙን ቃኙ። «ከመሐላችን አሉ?»

«የሉም።»

«ከብትስ አላቸው፣ በዚህ አጥቢያ?»

አስተርጓሚው ሳል ያዘው፤ ይችን አልተረጎማትም።

ይሄኔ ማን ብድግ ቢል ጥሩ ነው? ደምሌ! ደምሌ ሰው በተሰበሰበበት ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንለት ፍጥረት ነው። «እኔ ዋሱ ነኝ!» ብሎ ደረቱን ነፋ። ፈረንጁም ትከሻውን መታ መታ አደረገለት።

እኔ ከካቡ ኋላ ጮህኩ። «አንቱ ሰውዬ፣ ይቀመጡ! ከመቼ ወዲህ ነው የተዋወቃችሁት?»

«ዝም በይ፣ ጉባኤ ነው!» አሉኝ አያ ቢተው። ዝም አልኩ። ሦስት ቀን።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ እንስራዬን አዝዬ ብሄድ፣ በቅሎዎቹ ከምንጩ መሐል ቆመው ጭራቸውን ይወዘውዛሉ። ውሃው እንደ ሽሮ ወፍሯል። ሰባታችንም ተያይዘን አያ ቢተው ደጅ ደረስን።

«ፈረንጁን ያዙልን!»

«ጠመንጃ ያለውን ማን ሊይዘው፣ እቴ? ዋስ የተፈጠረ ለዚህ አይደል?»

ደምሌ ተጠራ፤ ተፈረደበት። ከዋስትናው እስኪወርድ ድረስ ለሰባቱም ቤት ውሃ እየቀዳ ያመላልስ። «በአህያ ልጫነው?» ብሎ ለመነ። አያ ቢተው አሰብ አድርገው፣ «አህያይቱ ዋስ አልሆነችም» አሉ። ከዚያ ወዲያ በቃ፣ ያ ሁሉ ደረት በእንስራ ማንገቻ ተጠፍሮ ገደሉን ይወርዳል፣ ይወጣል። እኔ ግን በሰላም ወለድኩ። አራስ ቤት ተኝቼ የሰማሁት የሱን ማቃሰት ነው፤ እንዴት እንደሚያስተኛ!

ጥሊያን ወጣ። ምንጩም ጠራ። ደምሌ በዚያው ሳምንት ከሾላው ሥር ቆሞ «ዋስትናዬ ይውረድልኝ» አለ። አያ ቢተው ጋቢያቸውን አጣፉ።

«ዋስ የሚያወርድ ቃል የገባው ሰው ነው። እሱ ባሕር ተሻግሯል። ወይም ደግሞ ቃል የተገባላቸው...» ብለው ቆም አሉ። ቀስ ብለው ወደ ካቡ ዞሩ። «እ... ሴቶች! እስቲ ወዲህ ኑ።»

እናንተዬ! ሰባታችን ካቡን ዞረን ከሾላው ሥር ገባን። ለካ ጥላው እንዲያ ቀዝቃዛ ኖሯል! ወንዶቹ ሁለት ቀን ሙሉ የተከራከሩት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«ደምሌ ይውረድ ወይስ አይውረድ? ሐሳባችሁ ምንድን ነው?»

የሁላችንም ታላቅ እትዬ ጥሩነሽ ተነሡና የምንጩን ታሪክ ከቅድመ አያታቸው ጀመሩ። ጎረቤቴ ልታርማቸው ተነሣች። ሌሎቹ ስላልተነሡ ተነሡ። በመጨረሻ ተራው የኔ ሆነ። ደምሌ እንደ ጥጃ አየኝ። አንጀቴን በላው፤ እውነቴን ነው። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተነሣሁ።

«ጉዳዩ ከባድ ነው» አልኩ። «ቀጠሮ ይሰጠን።»

ያች በሆዴ የነበረች ልጅ ዛሬ አግብታ ወልዳለች። እኛም በየመንፈቁ ከሾላው ሥር እየተሰበሰብን ነገሩን በደንብ እንመረምረዋለን። ደምሌ ደጋግሞ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ይለኛል፣ እንስራውን ሲያወርድ። እኔ ምን ላድርገው? የሕዝብ ጉዳይ አይቸኮልበትም።