የዘይነባ እምቢታ የት ገባ?

እኛ ሰዎች በገዛ አፋችን «እምቢ» ማለት እንዴት እንደሚከብደን ታዝባችኋል? እኔ ይህን የተማርኩት ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ነው። ያስተማረኝ ደግሞ ኮምፒዩተር ነው። ሳቁ እንጂ!

ዴም ውስጥ ጠበብ ያለች ሱቅ ነበረችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ቅጽ እሞላለሁ። ጁምዓ ሲሆን ግን ሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች ይመጡና ለቤተሰባቸው መልእክት ያስጽፉኛል። መደወል ውድ ነው፤ አገር ቤት ያለው ስልክ ደግሞ ከጽሑፍ በቀር አያውቅማ! አንድ በአንድ ከመላክ ብዬ፣ ሁሉንም በአንዴ የሚልክ ፕሮግራም በራሴ እጅ ጻፍኩ። ኩራቴን ባያችሁ!

የፕሮግራሙ ሕግ ቀላል ነው። መልእክቱን በጥቅስ ምልክት አጥሬ እሰጠዋለሁ። አንድ ጥቅስ ሲያይ ይጀምራል፣ ሌላ ጥቅስ ሲያይ «አለቀ» ብሎ ይዘጋል። ታዲያ የእኛ ሰው ወሬ ያለ ጥቅስ መቼ ያምራል? «እንዲህ አለችኝ፣ እንዲህ አልኳት» ነው እንጂ።

አንድ ጁምዓ ዘይነባ የምትባል ልጅ መጣች። አገር ቤት ሽማግሌ ሊላክባት ነው፤ ልጁን ግን አትፈልገውም። ጨንቋታል። «ያላ፣ ጻፍልኝ» አለችና አስጻፈችኝ፦ አባባ፣ ሽማግሌዎቹን አክብራችሁ ተቀበሏቸው። በግ እረዱላቸው። «ልጅቷ አልፈለገችም» በሏቸው።

ጨዋነቷን አያችሁ? በጉ መጀመሪያ፣ እምቢታው መጨረሻ፣ ያውም በአባቷ አፍ! ፕሮግራሜ ታዲያ በጉ ላይ ደረሰና ጥቅሷን ሲያይ «አለቀ» ብሎ ዘጋ። እኔ የት አውቄ!

በሳምንቱ ዘይነባ እያለቀሰች ገባች። አባቷ በጉን አርዶ እሺ ብሏል። እሑድ ኒካው በወኪል ሊታሰርባት ነው። «ወላሂ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?» አለችኝ። የተላከውን ብከፍተው እምቢታዋ የለም። አፈርኩ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ሮጬ ጎረቤቴን ኡስማንን ጠየቅኩት። ስልክ የሚጠግን ሱዳናዊ ነው። መጀመሪያ እስኪበቃው ሳቀብኝ። ከዚያ ከየውስጠኛው ጥቅስ ፊት እንዲህ \ ወደ ኋላ የተጋደመች ሰረዝ አድርግ አለኝ። ሰረዟ ዋስ ናት፤ ፕሮግራሙን «ይሄ ጥቅስ የወሬው ነው፣ ስለ እኔ አሳልፈው» ትለዋለች። ለካ ዋስ የሚያስፈልገው ኢቃማ ለሌለው ሐበሻ ብቻ አይደለም!

አስተካክዬ ሞከርኩት፣ ሠራ። በይ አሁን የፈለግሽውን ሰው አፍ ጥቀሺ አልኳት። እሷ ግን እንባዋን ጠረገችና የማንንም አፍ አልፈለገችም። ያስጻፈችኝ ይህን ብቻ ነው፦ አባባ፣ አላገባውም።

በቃ! አንድ ጥቅስ የለበትም። ላቤ ጠብ እስኪል የተማርኳት ሰረዝ ሥራ ፈታች። ግን በዘይነባ ኮራሁ። ሰው በገዛ አፉ ሲናገር እንዲህ ነው፣ ሁሉም ነገር ይቀላል አልኩ በሆዴ።

የአባቷ መልስ ብዙም አልቆየም። ኒካውን ትቼዋለሁ ይላል፤ ልጄን በግድ አልድርም። ግን የእኔ ልጅ እንዲህ ደፍራ አትናገርም፣ ይህን ያስባለሽ ማን ነው?

ዘይነባ ስልኩን አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ። ፈገግ ብላ «ጻፍልኝ» አለች፦ አባባ፣ «አላገባውም በይ» ያለኝ ይሄ ጸሐፊው ነው።

ሰረዟ ግሩም አድርጋ ሠራች። አንድ ፊደል ሳይጎድል ደረሰላቸው።