ማር የማይሰጡት ንቦች

በእኛ ቋንቋ የተበታተነ ሰው «አውራ እንደሌለው ንብ» ይባላል። ይህን ያሉት አባቶቻችን ግን ቴክሳስን አላዩም። እዚህ አገር አውራ የማታውቅ፣ ቀፎ የማትፈልግ፣ የራሷን ጉድጓድ ቆፍራ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ንብ አለች። ኑሮዋ ከእኛ ብዙም አይለይም።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ እዚያው ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ ከጎረቤቴ ከሳምሶን ጓሮ ነው። ሳምሶን ኤርፖርት የሚሠራ ጠንቃቃ ሰው ነው። እናቱ እትዬ ዘነበች ከደብረ ማርቆስ መጥተው አብረውት መኖር ሲጀምሩ የጓሮውን ሣር ነቅለው ዱባ ተከሉ፤ ዳር ዳሩን ሱፍ ዘሩበት። ዱባው ቢጫ አበባውን ሲከፍት ንቦቹ ከየት መጡ ሳይባል መጡ፤ መሬቱንም በሳስተው ገቡ። ሴቶቹ ገና ሳይነጋጋ ሥራ ይጀምራሉ። ወንዶቹ ደግሞ አበባው ሲከደን እዚያው ውስጥ ይተኛሉ። ወንድ የትም አገር ወንድ ነው።

ችግሩ የመጣው የሳምሶን ልጅ ክርስትና ሲደርስ ነው። ድግሱ ጓሮ ሊሆን፣ እንግዳው ከነልጆቹ ተጠርቷል። «አንዱን ሕፃን ቢነድፉትስ?» አለና ሳምሶን ተባይ የሚያጠፋ ሰው ቀጠረ። እኔ ድንኳን በመትከል ላግዘው እዚያው ነበርኩ። ሰውየው መርጫውን በጀርባው አዝሎ ሲገባ፣ እትዬ ዘነበች ወንበር ይዘው ወጡና ዱባው መሃል ቁጭ አሉ።

«እማዬ፣ ተነሺ እንጂ! ኮል አድርጌ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ሥራውን ይሥራበት።»

«ንብ አይገደልም። ማሩን መጠበቅ ነው።»

ሳምሶን ስልኩን አውጥቶ ጥቂት አነበበና ፊቱ በራ። «ማር የላቸውም! የዚህ አገር ንቦች ናቸው፣ ማር የሚባል አይሠሩም። ሶ፣ ምን ያደርጉልሻል?»

እውነት ለመናገር፣ እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እትዬ ዘነበች ማሩን ተስፋ ማድረጋቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉ፦

«ማር የማይሰጥ ሁሉ መድኃኒት የሚረጭበት ከሆነ፣ እኔስ ከመጣሁ ወዲህ ምን ማር ሰጠኋችሁ?»

አማርኛ የማይሰማው ረጪ እንኳ ጭንብሉን አወለቀ። ሳምሶን እናቱን አየ፣ መሬቱን አየ። ከዚያ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቆ ሸኘው።

ክርስትናው ጋራዥ ውስጥ ሆነ። በቴክሳስ በጋ ጋራዥ ውስጥ የተደገሰለት ሰው ያውቀዋል፤ ምግቡን የሚያሞቅ አላስፈለገም። እንግዶቹ ያን የሚያህል ጓሮ ባዶውን መቅረቱ ገርሟቸው ሳምሶንን ቢጠይቁት፣ «ተከራይ ገብቶበታል» ብሎ አለፋቸው።

እናቱ ግን ሰምተዋል። «ምን ተከራይ ትላቸዋለህ? ባላገሮቹ እነሱ ናቸው!» አሉ።

የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ያላለቀለት አንድ እንግዳ አጠገቤ ሳቀ። ሌሎቻችንም ላባችንን ጠርገን ተከተልነው።