መኪና የሌላቸው የትራንስፖርት ሚኒስትር

በሰው ንብረት ቸር የሆነ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተሠራም። አንዱ የጎረቤቱን መሰላል ያውሳል፣ ሌላዋ የእህቷን ጉልበት ትለግሳለች። የቧንቧ ሠራተኛው የሚኖርበት ሰፈር ግን ከሁሉም የላቀ ዕድል ገጥሞታል፤ የሰው መኪና የሚያድሉ ክብርት ሚኒስትር አሉት።

ክብርት የትራንስፖርት ሚኒስትር መኪና የላቸውም። መንዳትም አይችሉም። ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ካርድ ክፍል ሰው ሲያሰልፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ የወጡት ግን ከደመወዙ ነው እንጂ ከማሰለፉ አይደለም። ሹመቱን ማንም አልሰጣቸውም፣ ሰፈርተኛው አንድ ቀን ነቅቶ ሲያይ ሥልጣን ላይ ነበሩ። የማን ጎማ እንደተነፈሰ፣ የማን ነዳጅ እንደጎደለ፣ ማን በየት በኩል እንደሚያልፍ ከባለቤቱ ቀድመው ያውቃሉ። አንዷ ወገቤን አመመኝ ብላ ሳትጨርስ «ምን ችግር አለ፣ እሱ ያደርስሻል» ይሏታል። «እሱ» የተባለው ሰውዬ በዚያ ሰዓት ገና ከአልጋው አልወረደም። እሳቸው ራሳቸው መኪና ውስጥ ሲገቡ ያየ የለም። «እኔ ለጤናዬ በእግሬ ነው» ይላሉ፤ የሕዝቡ ጤና በመኪና፣ የሚኒስትሯ ጤና በእግር የሆነበትን ምክንያት ደፍሮ የጠየቀም አልተገኘም።

ከተገዢዎቻቸው ሁሉ እጅግ የተማረረው የቧንቧ ሠራተኛው ነው። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ መስተዋቱን እያየ «አይ እትዬ፣ ዛሬ አይመቸኝም» ማለትን ይለማመዳል። መስተዋቱ ፊት ቁጣውም፣ ድምፁም ያምርበታል። ቁልፉን አዙሮ ሞተሩ ሲነሳ ግን የመስኮቱ መስታወት በክብርት ሚኒስትር ቀለበት ይንኳኳል።

«እንደምን አደርክ የኔ ልጅ። ወደ ላይ ነህ?»

«አይ እትዬ፣ ዛሬ ወደ ታች ነኝ።»

«ጎሽ። ታች ደርሰህ ወደ ላይ ስትመለስ ልጆቹን ታደርሳቸዋለህ።»

ልጆቹ የዳቦ ጋጋሪው የእህቱ ልጆች ናቸው። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ሁለቱንም ሴቶች ልጆች የሚያሳድገው እሱ ነው። ሚስት የለው፣ መኪና የለው፣ ያለው ጎህ ሳይቀድ የሚጀመር ሥራ ብቻ ነው። ትምህርት ቤታቸው ደግሞ የከተማው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነው። እዚሁ ቅርብ ላስገባችሁ ቢል ትልቋ «እማዬ ያስመዘገበችን እዚያ ነው» ብላ ድርቅ አለች፤ እሱም ነገሩን ደግሞ አላነሳውም። የዘመድ ልጅ ለሚያሳድጉ ሰዎች የትራንስፖርት ድጋፍ ይሰጣል ሲባል ሰምቶ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄዶ ነበር። አንደኛው መስኮት «ድጋፉ ለወላጅ ነው» አለው። ሁለተኛው «የለም፣ ለአሳዳጊም ነው፣ ግን አጎት አሳዳጊ ይባል አይባል ገና እየተጠና ነው» አለው። ሦስተኛው መስኮት ምሳ ወጥቶ ነበር። ክብርት ሚኒስትር ይህን ሲሰሙ በአፍንጫቸው ሳቁና ጉዳዩን ወደ ራሳቸው መሥሪያ ቤት አዛወሩት።

ከዚያ በኋላ መኪና ያለው ሁሉ ተራ ወጣለት። አንዱን ቀን ባለ መነጽሩ ፋርማሲስት፣ ሌላውን ቀን ወፍራሙ ባለ ሱቅ፣ ማክሰኞን የቧንቧ ሠራተኛው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ምናቸው ነህ?» እያለ ስላስቸገረ ክብርት ሚኒስትር ለሾፌሮቻቸው ሁሉ መመሪያ አወረዱ።

«አጎታቸው ነኝ በሉ፣ በቃ። ጎረቤት ነኝ ካላችሁ ወሬው አያልቅም።»

ልጆቹም ሠለጠኑ። ማን ነው ያመጣችሁ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ አጎታችን። የቧንቧ ሠራተኛው በዚህ ሁሉ አጉረመረመ። ታናሽቱ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ታቅፋ ካልሄደች መንገዱ አይጥማትም፣ የመፍቻው ግራስ ዩኒፎርሟን ያበላሸዋል፣ ደግሞ የእያንዳንዱን ብረት ስም ትጠይቃለች። እሱም እየተነጫነጨ ይነግራታል። ወንበሩ ላይ የነበሩትን ቧንቧዎች አንስቶ የመኪናው ጣሪያ ላይ አሰረ፤ የልጆቹን ጉልበት እንዳይወጋ ነው ወይ ሲሉት ለቧንቧው ብዬ ነው አለ።

አንድ ሐሙስ ታናሽቱን ክፍል ውስጥ ትኩሳት ያዛት። ትልቋ በነገረቻቸው ስልክ ዳቦ ቤቱ ተደወለ፣ ዳቦ ጋጋሪውም ሽርጡን ሳይፈታ፣ ዱቄቱን ሳያራግፍ ከነፈ። ዘበኛውም ርዕሰ መምህርቷም በዚህ ዓመት የመጡ ናቸውና አያውቁትም።

«ማን ልበል?» አለ ዘበኛው።

«አጎታቸው ነኝ።»

ዘበኛው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ወንድሜ፣ ማክሰኞ ብረት የጫነው አጎት ነው፣ ረቡዕ ባለ መነጽሩ፣ ዛሬ ደግሞ ወፍራሙ አጎት ጠዋት አድርሷቸው ሄዷል። አንተ የመቼው ነህ?»

ርዕሰ መምህርቷ ትልቋን ጠርታ ጠየቀቻት። አጎትሽ ነው? አዎ። ባለ መነጽሩስ? እሱም። ባለ ብረቱስ? ልጅቷ መመሪያውን አክብራ «እሱም» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም፤ በእሷ ቦታ ማንም ቢሆን ይፈራ ነበር። ልጆቹ የማን እንደሆኑ ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ካልታወቀ ለሕፃናት ጉዳይ ቢሮ እንደምትደውል ነገረችው። እስኪጣራም ማሳደጊያ ይገባሉ። ዳቦ ጋጋሪው የዘበኛውን ስልክ ለምኖ የደወለው፣ ሌላ ለማን ይደውላል፣ ለክብርት ሚኒስትር ነው።

የቧንቧ ሠራተኛው የሰው ማድ ቤት ቧንቧ ጠግኖ በመኪናው ሊሄድ ሲል መስኮቱ አልተንኳኳም። በሩ ተከፈተና እሳቸው ራሳቸው ገቡ። «ንዳ» አሉት።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ ምስጢሩ ወጣ። እትዬን መኪና አይስማማቸውም። የመሣሪያ ባልዲውን ታቅፈው እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ አስመለሳቸው።

«እትዬ፣ ላቁም?»

«ንዳ አልኩህ።»

ቢሮው ሲገቡ ፊታቸው ጨርቅ መስሏል፣ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። የቧንቧ ሠራተኛው አንድ ትልቅ ውሸት ሲመጣ ጠበቀ። አልመጣም።

«የኔ እመቤት» አሉ፣ «አጎታቸው ይኼ ዱቄት የለበሰው ብቻ ነው። ሌሎቹ ጎረቤት ናቸው። አጎት ነኝ በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ይቅናቸው ብዬ ነበር፣ አበላሸሁት። ልጆቹን ከሱ አትለዪብን፤ ከእናታቸው የቀራቸው እሱና ይኼ ትምህርት ቤት ነው።»

የቧንቧ ሠራተኛው እውነቱ ይኸው እንደሆነ መሰከረ። ርዕሰ መምህርቷ ትኩሳት የያዛትን ልጅ ከጎኗ ወንበር ላይ አነሳቻትና ለዳቦ ጋጋሪው ሰጠችው፤ ልጅቷም ዱቄቱ ላይ ተለጠፈች።

«ይሁን» አለች። «ግን ከነገ ጀምሮ በየቀኑ አዲስ ሰው አልቀበልም። የማውቀው አንድ ሰው ያምጣቸው፣ እሱው ይመልሳቸው። ማን ነው?»

ዳቦ ጋጋሪው አንገቱን ደፋ። ሥራውን ቢተው ልጆቹን የሚያበላው የለውም፤ ከዚህ በላይ ሰው ማስቸገርም አፈረ። የቧንቧ ሠራተኛው ወደ ክብርት ሚኒስትር ዞረ። ጣታቸው ወደ እሱ የሚነሳው አሁን ነው። ጣታቸው ግን ሻርፑን ጨብጦ ቀረ። ሰው ሲያዝዙ የኖሩት ሴትዮ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጣሉ፤ ያኔ ምን ያህል ትንሽ ሴት እንደሆኑ ታየው። ስንት ዓመት የተለማመደው መልስ አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቀውም።

«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ተቆጥቷል። «አመጣቸዋለሁ፣ እመልሳቸዋለሁ።»

ውጭ ሲወጡ እትዬ አየር ሳቡ። ዳቦ ጋጋሪው ታናሽቱን አቅፎ፣ ትልቋ ሽርጡን ይዛ መኪናው ውስጥ ገቡ። እሳቸው አልገቡም፤ በእግራቸው ሊሄዱ ነው። ትንሽ ተራመዱና ፊታቸው ላይ ደም ሲመለስ መስኮቱ ጋ ተመልሰው መጡ።

«የኔ ልጅ፣ በየቀኑ እዚህ ድረስ ከመጣህ አይቀር፣ የልብስ ሰፊዋ እናት ዓይናቸውን የሚታዩበት ክሊኒክ እዚሁ ማዶ ነው።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ የወጣው ሳቅ ሆነ። እኚህን ሴትዮ እንደሚወዳቸው ገባው፤ መቼ እንደጀመረው ግን አያውቅም።

«ቀጠሯቸው መቼ ነው?» አላቸው።